ሂሳቡ እንዴት ነው?

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ደብተር ልገዛ ወጥቼ መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። የአባዬ የልክ ደብተር ግማሹ ባዶ ነው። ከፊት ያሉት ገጾች በልጆች ልክ ተሞልተዋል፤ ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ቁመት፣ ማስታወሻ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሁን ከኋላ በኩል ገልብጬ ጀምሬዋለሁ። እማዬ ብታየኝ ምን እንደምትል እንጃ።

ወደ ጉዳዩ። ሪል አናሊሲስን እየደገምኩ ነው። ዓምና ኤፍ አገኘሁበት። ዘንድሮ ሁለተኛ ከወደቅኩ ምርቃት የለም፣ ከሂሳብ ዲፓርትመንትም እሰናበታለሁ። ይኸው ተጻፈ። ለእማዬ የነገርኳት «አንድ ኮርስ ቀርቶኛል» ብዬ ብቻ ነው፤ እሷም «በርቺ» አለችኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ሦስተኛ ዓመት ናቸው። የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊታቸውን እንዳላይ። ከኋላዬ አንዷ «ደጋሚ ናት መሰለኝ» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ምን ታድርግ፣ ማትስ ደርሷት ነው» አለቻት።

ዞር ብዬ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቸርች መልስ እማዬ ጋደም አለች። እኔ ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ሱቅ የምንለው ከቤታችን ፊት ያለችውን የአባዬን አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሜትሩ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ጠመኔውም መሳቢያው ውስጥ አለ፣ አንድ ጥግ ብቻ ተበልቶ።

ነሐሴ ሲጋመስ የሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ እናት ሁሉ ልጇን እየጎተተች ለዩኒፎርም እኛ በር ላይ ትሰለፍ ነበር። ጨርቁ ለሁሉም አንድ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ። አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ «ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ» እያለ በሲዳምኛ ልጆቹን ይቆጥራል። ለእኔ ሲያስጽፈኝ ግን በአማርኛ ነው። አንዳንዴ ይምታታበትና ወንዱን ልጅ «ትከሻዋ ሠላሳ አንድ» ይለዋል። እናቶቹ ይስቃሉ፣ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ልጁ ያኮርፋል። እኔ «ትከሻ 31» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቁጥር ወንድ ሴት የለውም።

ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚያስጽፈኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ያድጋል»። ከታች ጨርቅ ታጥፎ ይትረፍለት ማለቱ ነው። አሁን ገጹን ሳገላብጥ ከላይ እስከ ታች ያድጋል፣ ያድጋል፣ ታድጋለች፣ ያድጋል።

ሂሳብን የወደድኩት እዚያ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ስንት ሱሪ እንደሚወጣ ገና ሳይቆርጥ ነገርኩት። ቆርጦ ቆጠረ። ልክ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ሱቁን የረገጠ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሳይሰማ አልወጣም። አንዲት እናት «ጋሽ ኩማ፣ ሱሪውንስ መቼ ይሰጡናል?» እስክትል ድረስ። ያን ቀን መልሼ ባገኘው ምን አለበት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ነገ ጠዋት ሚድ። ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል። ምሳ አልበላሁም።

ዩኒፎርም ኮንቲኒዩቲ የምትለዋን ርዕስ ግን አልፈራትም፤ ዘለልኳት። ዩኒፎርምን እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ከሠላሳ አሥራ አንድ።

የጣለኝ ያው ዩኒፎርም ነው። መልሴን አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። «አሠራሩ ለሁሉም ነጥብ አንድ ከሆነና እያንዳንዱ ነጥብ የየራሱ ልክ ካለው ዩኒፎርም ይባላል» ብያለሁ፤ ልበ ሙሉነቴ! መምህር ዮፍታሄ ከአሥር ዜሮ ሰጥተው በቀይ እስክሪፕቶ፣ ያውም በአማርኛ፣ «ይህን ማን ነገረሽ?» ብለው ጽፈዋል።

ማንም አልነገረኝም። ደደብ ነኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ናዲያ እየገፋች ቢሯቸው ድረስ ወሰደችኝ። ናዲያ ባቼ የሚባለው ሰፈር ልጅ፣ የእኔው ዓመት ተማሪ ናት፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፣ እሷ አካውንቲንግ ፈልጋ ማትስ ደረሳት። ሳትፈልገው ኤ ትሰበስባለች። እኔ ፈልጌው ይኸው።

መምህር ዮፍታሄ ቁጭ በይ አሉኝ። እንዳይስቁብኝ እየፈራሁ አስረዳኋቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው አልኳቸው። እኛ ቤት ዩኒፎርም ማለት ጨርቁ አንድ፣ ልኩ ግን የየልጁ ነው፤ ሳይለካ የሚቆረጥ ነገር የለም አልኩ። አባቴ «ነው» ነበር ያልኩት። «ነበር» ማለት ሲገባኝ። አላረምኩትም።

ሳቁ፤ ግን በእኔ አልነበረም። የጻፍሽው ተራውን ኮንቲኒዩቲ ነው አሉኝ፤ እሱ ነው ለየነጥቡ የየራሱን ልክ የሚሰጠው። ዩኒፎርም የሚባለው ግን አንድ ልክ ብቻ ተገኝቶ ለነጥቦቹ ሁሉ ሲበቃ ነው። የጨርቅ ጉዳይ ሳይሆን የልክ ጉዳይ ነው።

«እንደዚያማ የሚሰፋ የለም» አልኩ።

«አባትሽ ሳይለኩ ሰፍተው አያውቁም?»

«በፍጹም።»

«እስቲ ደግመሽ አስቢበት» አሉኝ። ልወጣ ስል ማትስን መርጠሽ ነው ወይስ ደርሶሽ ብለው ጠየቁኝ። ምላሴ ቀደመኝና ደርሶኝ ነው አልኩ። በር ላይ ቆማ የሰማችው ናዲያ ደረጃውን እስክንወርድ አላናገረችኝም። በመጨረሻ «የእኔን መልስ ለምን ትሰርቂኛለሽ?» አለችኝ። ቀልዷ ነው። ቀልድ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

የፋሲካ ማግስት። እትዬ ሽታዬ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው የልብስ ሱቅ የእሳቸው ነው። ጭውውቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። የሱቁን በር ከፍታ የተዘጋጀ ዩኒፎርም ብትሸጥ ምን አለበት፣ ዕቃውን እኔ አስመጣላታለሁ፣ በደረሳት ነገር ዕድሜዋን ከምትጨርስ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። አባዬ ሲታመም ሾርባ ያመላለሱልን እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ እማዬ «ልጄ፣ ካቃተሽ ተይው። ማንም አይወቅስሽም» አለችኝ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

አራት ሰዓት ያህል ላይብረሪ። አንድ ገጽ። ተማሪው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፣ እኔ አንድ መስመር ላይ። ውጭ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ዛፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩኛል፤ እነሱም ታዝበውኛል።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

አባዬ ዛሬ አንድ ዓመት ሞላው። የቸርች ሰዎች መጥተው ዘመሩ፣ ጸለዩ። ሽማግሌው ስለ ታማኝነቱ ተናገሩ፤ የአንድም ሰው ቁራጭ ጨርቅ እንዳላስቀረ። እማዬ አለቀሰች። እኔ ወንበር ሳመላልስ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ። ሁሉም «ጠንካራ ልጅ» አለኝ።

አሁን ሁሉም ሄዷል፣ ገና አልመሸም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሦስተኛ ዓመት የጀመርኩ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እሰፋ ነበር። እትዬ ሽታዬ ገቡና ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ማትስ ስላቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ፣ ደርሶሽ ነው?» አሉ። በዚያ ሳምንት ግቢ ውስጥ ሁሉም ሲስቅብኝ ነበር የሰነበተው፤ ሰው ጤነኛ ሆኖ ማትስን አንደኛ ምርጫ ይሞላል ወይ እያሉ። ትምህርቱም መክበድ ጀምሮ ነበር። ደረሰኝ ያለ ሰው ቢወድቅ ይታዘንለታል፣ መረጥኩ ያለ ሰው ቢወድቅ ይሳቅበታል። «አዎ፣ ደርሶኝ ነው» አልኳቸው።

አባዬ ከጀርባዬ መኪናው ላይ ነበር። የመኪናው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ «ልጄ ሂሳብን መርጣ ነው የገባችው» እያለ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ከርሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔም ውሸቴን ነው አላልኩትም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል መጋቢት ላይ ታመመ።

ሆስፒታል ሳለም ልነግረው እችል ነበር። ፈተና ደርሶ ስለነበር በቀን አንዴ ብቅ እያልኩ ነበር የምመለሰው፤ አልጋው አጠገብ ሆኜ እንኳ ሃንድአውት አነባለሁ። በመጨረሻው ቀን ዓይኑን ገለጠና «ሂሳቡ እንዴት ነው?» አለኝ። እማዬ ጠዋት ከፍላ ነበር። «ተከፍሏል አባዬ፣ እሱን አታስብ» አልኩት። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እዚያ ደርሶ እንኳ የሚያስጨንቀው የሆስፒታሉ ክፍያ ነበር። ሲኖርም እንደዚያ ነው፤ ከማንም ጋር ሂሳብ ማሳደር አይወድም።

ይኸው ነው። ጻፍኩት፤ የቀለለኝ ነገር ግን የለም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

እማዬ መኪናውን አንሶላ ገልጣ ዘይት ስትቀባው አገኘኋት። ልትሸጪው ነው አልኳት። እንዳይዝግ ነው አለች።

ግንቦት 3፣ እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት ናዲያ ቤት መጣች። ሱቁ ውስጥ፣ አባዬ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ዋናውን ቲዎረም ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳችኝ ነበር፤ ጫፎቹ በተዘጉ መስመር ላይ ከሆንን ተራው ኮንቲኒዩቲ ራሱ ዩኒፎርም ይሆናል፣ ማለትም ለሁሉም ነጥብ የሚበቃ አንድ ልክ ይገኛል። ጫፉ ክፍት ከሆነ ግን ላይገኝ ይችላል። ለምን መዘጋቱ እንዳስፈለገ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ናዲያ በአባዬ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመረች። «በቃ ነጥቦቹን ተሰልፈው የቆሙ ልጆች አድርጊያቸው» አለችኝ፣ ምርር ብሏት።

ሰልፍ ስትል ትዝ አለኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከገጠር አንድ ርዕሰ መምህር መጣ፤ አዲስ ለተከፈተ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆች ዩኒፎርም ፈልጎ። ልጆቹን ሐዋሳ ድረስ አምጥቶ ማስለካት አይችልም። አባዬ እምቢ ይላል ብዬ እስክሪፕቶዬን አስቀመጥኩ። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ምዝገባው ተዘግቷል?» አለው። ሰውየው አዎ ሲል «እንግዲያው ትልቁን ልጅ ብቻ አምጣልኝ» አለ።

በሳምንቱ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ይዞ መጣ። አባዬ ያንን አንድ ልጅ ለካ፣ ሁሉንም በእሱ ልክ ቆረጠ፤ ለእሱ ከበቃ ለሌላው ይታጠፋል አለ። ስለ ምዝገባው ለምን ጠየቅክ ብዬ ነዘነዝኩት። «ካልተዘጋ ነገ ከዚህ የምትረዝም ብትመጣስ?» አለኝ። እንደ ልማዱ ወንዱን ሴት አድርጎት።

ይኸው ነው እኮ! መዝገቡ ከተዘጋ ጥቂት ልጆችን አይቶ የሁሉንም ነገር የሚወስን አንድ ልክ ይገኛል። ክፍት ከሆነ ግን የፈለግሽውን ልክ ብትይዥ እሱ የማይበቃው አንድ ሌላ ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ፣ ማለቂያ የለውም። አባዬ ትልቁን ፈለገ፣ እኔ ትንሹን እፈልጋለሁ፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ለናዲያ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ጠመኔውን አስቀምጣ «አባትሽ ቢፈተኑ መምህር ዮፍታሄ ኤ ይሰጧቸው ነበር» አለች። ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ፤ የቀብሩ ዕለት ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ናዲያ አጠገቤ ተጠግታ ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ «በፍጹም» ብያቸው ነበር። አባዬ ሳይለካ ሰፍቶ አያውቅም ብዬ። ስለ እሱ ስንቱን ነገር ረስቻለሁ?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ባጃጅ ጠፋ፣ በስብሼ ገባሁ። ሃንድአውቱን ምድጃው አጠገብ ዘርግቼ እያደረቅኩ አነበብኩት። ዘጠኝ ቀን።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ተፈተንኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ያ ቲዎረም ነው፤ አረጋግጪ ይላል። ወረቀቱ ላይ ከመጻፌ በፊት ከንፈሬ «ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ» ሲል ሰማሁት። ፈታኙም ሳይሰማ አልቀረም። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ሌላው ላይ እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ቢ!

ቢሯቸው ሄድኩ። የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ፤ አሠራሩ ትክክል ነው፣ ግን መጽሐፉ ላይ እንደዚህ አይልም አሉ። ከአባቴ ነው አልኳቸው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። «ነበር» ስል ቀና ብለው አዩኝ፣ ነፍስ ይማር አሉ።

«መምህር፣ ያን ዕለት ደርሶኝ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው። መርጬ ነው የገባሁት።»

«የደረሰው ሰው ዜሮ ሲያገኝ ቢሮ አይመጣም» አሉኝ።

ለአንድ ሰው ተናገርኩ። ሰማይ አልተደፋም። ቤት ስገባ ለእማዬም ስለ ኤፉ ነገርኳት፤ ከጅምሩ ታውቅ ኖሯል። እናት እንዲህ ናት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ናዲያም አልፋለች፣ ከእኔ በብዙ በልጣ። ስለ ማስተርስ ቅጽ መጠየቅ ጀምራለች፤ በሂሳብ። ደርሶሽ አልነበር ወይ ስላት «ለመድኩት» አለች።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

የምርቃት ጋዎኑን አመጣሁ። የሚታደለው አንድ ልክ ነው፤ ለረጅሙም ለአጭሩም። እነሆ የመምህር ዮፍታሄ ዩኒፎርም። እኔ ላይ መሬት ይጠርጋል።

እማዬ ሱቁን ከፈተች፣ ወንበር ላይ አቆመችኝ። ሲመለስ የሚፈታ ስፌት ነው የምንሰፋው አለችና በመርፌ ቁልፍ ታጥፈው ጀመር። ከታች ሆና ፊቷ አይታየኝም፤ ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት።

«እማዬ፣ ሂሳብ ደርሶኝ አይደለም። መርጬው ነው። ያኔ ለእትዬ ሽታዬ ዋሽቼ ነው።»

እጇ ቆመ። ያን ቀን ማታ አባትሽ ነግሮኝ ነበር አለች። አልተቀየመም። አባትሽ «እኔም ስፌት ደርሶኝ ነው የገባሁት፣ እየቆየሁ ወደድኩት፣ እሷም ትወደዋለች፣ እስክትወደው ድረስ ግን ለሰው እያወራሁ አላሳፍራትም» አለ አለችኝ።

«ሲታመምም ይኸው ነበር ጥያቄው» አለች እማዬ። «ሂሳቡን ወደደችው ይሆን እያለ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስትመጣ ራሷን ጠይቃት አልኩት። ሳይጠይቅሽ ቀረ መሰለኝ።»

ጠይቆኛል።

ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም ተከፍሏል፣ እሱን አታስብ ብዬ መለስኩለት። ለእማዬ ይህን አልነገርኳትም። ከወንበሩ ወርጄ አቅፌያት ቆየሁ፤ ስለ ምርቃቱ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዚያ ሜትሩን ከምስማሩ አውርጄ ለኪኝ አልኳት። ለምን አላለችም። እሷ ለካች፣ እኔ ይህን ደብተር ገልብጬ በልጆቹ ወገን፣ ከመጨረሻው ልጅ ቀጥሎ ባለው መስመር ጻፍኩ። ሩሀማ ኩማ። ትከሻ 38። ደረት 86። ቁመት 158። ማስታወሻ የሚለው ቦታ ጠባብ ነው፤ አባዬ ከአንድ ቃል በላይ አስጽፎበት አያውቅም። እኔ «ሂሳቡ ደህና ነው አባዬ፣ ከድሮም እወደዋለሁ» ብዬ ስጽፍ አልበቃ አለኝና ወደ ታችኛው መስመር ወረደ።